ድሬዳዋን በብስክሌት፦ ከማለዳው ቁርስ እስከ ጀጎል በር

ድሬዳዋ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ከዚራ የሚባለው ሰፈር መንገዶች ቀጥ ያሉና ሰፊ ናቸው፤ ዳርና ዳራቸውን ዛፍ አለ፤ ከሰፈር ሰፈር ያለው ርቀትም ጉልበት የሚፈትን አይደለም። ችግሯ አንድ ነው፤ እሱም ፀሐይ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ከጉልበት ይልቅ ስለ ሰዓት ብዙ እናወራለን። በማለዳ የወጣ ሽማግሌ ከተማዋን ጠግቦ ይመለሳል፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ የወጣ ጎረምሳ ግን ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ጥላ ፍለጋ ይቆማል።

ውሎው እንዲህ ነው፦ ማለዳ ከለገሀሬ ተነሥቶ ከዚራን መዞር፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ቁርስ መብላት፣ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ፍራፍሬ መግዛት፣ ቀትሩን ቤት ውስጥ ማሳለፍ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ እንደገና መውጣት። ሐረርን መጨመር ለሚፈልግም ከታች ቦታ አለው።

1. ብስክሌቱን ማታውኑ ያዘጋጁ

የራስዎ ብስክሌት ከሌለ የሰፈሩን ጎሚስታ ይጠይቁ፤ ማን እንደሚያከራይ፣ ማን እንደሚሸጥ፣ የማን ብስክሌት ቆሞ አቧራ እንደሚጠጣ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ለዚህ ከተማ ውድ ብስክሌት አያስፈልግም። ጎማው ሰፋ ያለ፣ ኋላው ላይ ዕቃ መጫኛ ያለው፣ ደወሉ የሚጮህ ከሆነ ይበቃል። ማርሽ ባይኖረው ግድ የለም። ፍሬን ከሌለው ግን በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት።

ፍሬኑን ለመፈተን ብስክሌቱ ላይ መውጣት አያስፈልግም። የፊቱን ፍሬን ጨብጠው ወደፊት ይግፉት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ብድግ ማለት አለበት። የኋላውን ጨብጠው ሲገፉ ደግሞ ጎማው ሳይዞር መጎተት አለበት። ቀጥሎ ኮርቻውን ይለኩ፦ ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ባለ ኮርቻ የሚነዳ ሰው መጋላ ሳይደርስ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከዚያም ጥፋቱን በዕድሜው ያሳብባል።

ሰንሰለቱ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ ያድርጉና ፔዳሉን እያዞሩ በጨርቅ ይጥረጉት። የሚያስፈልገው ዘይት በውስጥ የሚቀረው ብቻ ነው። በላዩ የተረፈው ዘይት የድሬን አቧራ ሰብስቦ ጥርሶቹን ይሞርዳል።

ጎማው የሚይዘው የአየር መጠን ጎኑ ላይ ተጽፏል። ሰፊ የከተማ ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 ፒ.ኤስ.አይ. ባለው ውስጥ ይመቸዋል። መለኪያ ከሌለ በአውራ ጣት ጫን ሲሉት ጥቂት ብቻ እሺ ካለ ጥሩ ነው።

በከረጢት የሚያዘው ነገር ትንሽ ነው፦ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ማስቲሽና ልጣፍ፣ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ጠንካራ የብረት ማንኪያ፣ 15 ቁጥር ቁልፍና የእጅ ፓምፕ። ማንኪያው ለመብያ አይደለም፤ ቁጥር 7 ላይ እንመለስበታለን። በከተማዋ ዙሪያ ግራርና ፕሮሶፒስ እንደ ልብ ይበቅላል፤ የሁለቱም እሾህ አስፋልት ድረስ ይመጣል።

2. ውኃ፣ ልብስ፣ ኮፍያ

ለአንድ ሰው ለጠዋቱ ብቻ ቢያንስ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ ይያዙ። ጥም ሳይመጣ ትንሽ ትንሽ መጠጣት ይሻላል። ላብ ብዙ ለሚወጣው ሰው በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መያዝ ይጠቅማል፤ ማንኪያው የተከመረ ሳይሆን ልክ የሆነ ይሁን። ሎሚ ቢጨመቅበት ደግሞ መጠጥ መጠጥ ይላል።

እጀ ረጅም ስስ የጥጥ ሸሚዝ ክንድን ከማጋለጥ ይሻላል። ሽርጥ ለቤትና ለበረንዳ ነው፤ ሰንሰለት ውስጥ ከገባ ሽርጡም ሰውየውም ይወድቃሉ። ድሪያ የለበሰች እኅትም ጫፉን ጉልበቷ ላይ ቋጥራ፣ ሻሿን ከአንገቷ ኋላ አስገብታ ትንዳ። የራስ ቁር ካለ ኮፍያ ከሥሩ አድርጎ ማጥለቅ ይቻላል፤ ሁለቱም ሥራ አላቸው።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ብርድ ብርድ ማለት ከጀመረ መንዳቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ጥላ ውስጥ ይቀመጡ፤ አንገትና ብብት ላይ ውኃ ያፍስሱ፤ የተበጠበጠውን ቀስ እያሉ ይጠጡ። ሰውየው መቀባጠር ከጀመረ ወይም ራሱን ከሳተ ባጃጅ አስቁሞ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ እንጂ መጠበቅ የለም።

3. ማለዳ 12 ሰዓት ከለገሀሬ ይነሡ

መነሻውን የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ያድርጉት። ከተማዋን ያመጣት ባቡሩ ነው፦ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ደረሰ፤ ቀድሞ የታሰበው ሐረር ድረስ ነበር፤ ተራራው ግን እጅግ ውድ ሆነና ሐዲዱ ከሥሩ ቀረ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ ባለ ሌላ ጣቢያ ስለሚቆም፣ የድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት ጠዋት ጠዋት ለብስክሌት የሚበቃ ሰፊ ጸጥታ አለ። ግቢውን ማየት ካማረዎት ጥበቃውን ሰላም ብለው ይጠይቁ፤ ፎቶም ሳይፈቀድ አያንሡ።

የድሮው ሐዲድ መንገድ በሚያቋርጥበት ቦታ ሁሉ ሐዲዱን ቀጥ አድርገው ያቋርጡት። በሰያፍ ከገቡበት ጎማው ቦዩ ውስጥ ይያዛል፤ መሪው እምቢ ይላል፤ ቀሪውን መናገር አያስፈልግም። ጠጠር ካለበት ወርዶ መግፋት ነውር የለውም።

ከዚያ ከዚራን እንደ ልብ ይዙሩ። እዚህ የምሰጠው የመንገድ ዝርዝር የለም፤ መንገዶቹ ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ቢጠፉም ብዙ አይጠፉም። ክረምቱ ሊገባ ሲል ከሆነ የመጡት፣ የድሬዳዋ ዛፍ የሚባለው ቀዩን አበባ ተሸክሞ ያገኙታል፤ አበባው አስፋልት ላይ ሲረግፍ ያንሸራትታልና መታጠፊያ ላይ ቀስ ይበሉ።

አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ከተማዋ ጠፍጣፋ ትመስላለች እንጂ ከደቡብ ተራሮች ወደ ሰሜኑ ቆላ ቀስ ብላ ታዘቀዝቃለች። መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይውጡ፤ መመለሻው ቁልቁል ይሆንልዎታል። በተቃራኒው ያደረጉት ሰዎች ቀላል የመሰላቸውን መንገድ በአራት ሰዓት ፀሐይ ሲገፉት ይታያሉ።

ባጃጁን በተመለከተ፦ ተሳፋሪ እጁን ካነሣ ባጃጅ ምልክት ሳያሳይ ወደ ቀኝ ይጠጋል። በእሱና በመንገዱ ጠርዝ መካከል አይግቡ፤ በግራ በኩል ዞር ብለው፣ ደወል ሰጥተው ይለፉ። ከቆመ መኪናም አንድ ሜትር ያህል ይራቁ፤ በር ሳይታይ ይከፈታል። ፍየሎቹ ከሁሉም ይሻላሉ፤ ቢያንስ የሚያስቡትን ፊታቸው ላይ ያነቡታል።

4. ደቻቱን ሲሻገሩ

ከከዚራ ወደ መጋላ የሚወስድዎት መንገድ ደቻቱን ያቋርጣል። አብዛኛውን ዓመት ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድልድዩን ይጠቀሙ። አሸዋው ውስጥ መግባት ካማረዎት ወርደው ይግፉ፤ ቀጭን ጎማ እዚያ ውስጥ ይቀበራል።

በክረምትና በበልግ ግን ደቻቱን በራሱ ላይ ባለው ሰማይ አይመዝኑት። ዝናቡ የሚዘንበው ደቡብ ባሉት ተራሮች ላይ ነው፤ ጎርፉ ከተማዋ ላይ ፀሐይ እያለ ይገባል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በደንገጎ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ካዩ ወይም ነጎድጓድ ከሰሙ አሸዋውን ይልቀቁ፤ ብስክሌቱ ከተያዘም ብስክሌቱን ጥለው ይውጡ።

ሌላም አለ። መጋላ ከደቻቱ በስተ ምሥራቅ ነው። ከዚራን ጨርሰው ሲሻገሩ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትቀበልዎታለች። እርስዎን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የሚመጣውን ሹፌርም ታሳውራለች፤ ያላየዎት ሹፌር ጥሩምባ አይነፋም። ስለዚህ ነጣ ያለ ወይም ደመቅ ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ኮፍያዎን ዝቅ አድርገው ጠርዙን ይያዙ።

5. ቁርስ በመጋላ

ከብስክሌት ውሎ ሁሉ ትልቁ ክፍል ይህ ነው፤ አትቸኩሉበት ብዬ በብዙ ቁጥር እናገራለሁ፤ ቁርስ ብቻውን አይጥምምና።

የመጋላ መንገድ ከከዚራ በተቃራኒ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ብስክሌቱን ከሚያዩበት ቦታ፣ ከመስኮት ብረት ወይም ከምሰሶ ጋር ይቆልፉት፤ የቁልፉ ሰንሰለት ጎማውን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ብረትም ይያዝ። ከሁሉ የሚሻለው ቁልፍ ግን የቤቱ ባለቤት ነው። “እናቴ፣ ይቺን እዩልኝ” ካሉ፣ እናት በረንዳቸው ላይ እስካሉ ድረስ የሚነካው የለም። ሲወጡም አመስግነው ይሂዱ እንጂ ዝም ብለው አይንዱ።

ለጠኔ ፉል ይዘዙ። የተፈጨው ባቄላ ላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ዘይት ይደረጋል፤ በትኩስ ዳቦ ይጠረጋል። ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ካለ ፉል ታማኝ ነው፤ ቶሎ አይለቅም። ፈጢራ ደግሞ የበዓል ስሜት ያለው ቁርስ ነው። ሊጡ እንደ ሻሽ ስስ ሆኖ ሲዘረጋ፣ እንቁላሉ ሲፈስበት፣ አራቱ ጫፍ ሲታጠፍና ምጣዱ ላይ ሲንቸረቸር ቆመው ይመልከቱ፤ ማየቱ ከዋጋው ውስጥ ነው። ማር ይጨመርበት። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ብቻዎን ከጨረሱት ኮርቻው ላይ ሲወጡ ያውቁታል።

ሳምቡሳ ሲገዙ ክምሩን አይመልከቱ፤ ዘይቱን ይመልከቱ። አሁን የሚጠበስበት ቤት ይግቡ። የምስርም የሥጋም ይኖራል፤ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው የምስሩን ለይቶ ይጠይቅ። ጠርዙ ሲነከስ ካልተሰበረ የትናንት ነው። ሻዩ ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለው ይሁን፤ በሙቀት አገር ትኩስ ሻይ ምን ይሠራል የሚል ሰው አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ ላቡ ሲቀዘቅዝ ያውቀዋል።

የግመል ወተት የማያውቅ ሰው የተፈላውን ይጠይቅ፤ ጥሬ ወተት በሽታ ሊያመጣ ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ከሆነ ትንሽ ይቅመስ። ከፊቱ ገና መንገድ አለበትና ሆዱን አይፈታተን።

ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ መጨረሻ ላይ፣ ያውም በወረቀት ጠቅልለው ይውሰዱት። ሽሮፑ ጣት ላይ ይጣበቃል፤ ከጣት ወደ ፍሬን፣ ከፍሬን ወደ ደወል ይዛመታል። እጅ መታጠቢያ ሳያገኙ አይጀምሩት።

በረመዳን ቀን ቀን አብዛኛው የመጋላ ምግብ ቤት ዝግ ነው። ያን ጊዜ የጠዋቱን ቁርስ ከዚራ ላይ በልተው ውሎውን ወደ ማታ ያዙሩት፤ ከአፍጥር በኋላ መጋላ ከቀን ይልቅ ትደምቃለች። ዓርብ እኩለ ቀን አካባቢም በመስጊዶቹ ዙሪያ ያለው መንገድ በሰጋጆች ስለሚሞላ ዞር ባለ መንገድ ይሂዱ።

6. ቀፊራ ገበያ

እዚህ ብስክሌት አይነዳም፤ ይገፋል፤ ቢቻል ውጭ ይቀመጣል። በአማርኛ ብቻም ይግባባሉ፤ ነገር ግን ለኦሮሞዋ ሻጭ “አካም”፣ ለሶማሌዋ “ነበድ” ብሎ መጀመር ፊትን ይፈታል፤ አንዳንዴ ዋጋንም። ከመጀመሪያዋ ሻጭ ዋጋ ይጠይቁ፤ ከሦስተኛዋ ይግዙ።

ማንጎና ፓፓያ ሲገዙ መጫኑን ያስቡበት። መሪ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ጎማ ውስጥ ይገባል፤ ባይገባም መሪውን ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከአሮጌ ካላማዳሪያ በረጅሙ የተቆረጠ ላስቲክ ከማንኛውም ገመድ ይሻላል፦ ካርቶኑን ኋላ መጫኛው ላይ አድርገው በመስቀል ያስሩት፤ ከባዱ ከታች፣ ፓፓያው ከላይ ይሁን።

7. ጎማ ከተነፈሰ

ጎሚስታ ቅርብ ከሆነ ይግፉት፤ የሚያስከፍለው ከድካምዎ ያንሳል። እሱ ከሌለ ራስዎ ይሥሩት።

ብስክሌቱን ጥላ ውስጥ ይገልብጡት። በ15 ቁጥሩ ቁልፍ ጎማውን ያውጡ፤ የቀረውን አየር ያስተንፍሱ። የአንዱን ማንኪያ እጀታ በኮፐርቶኑና በቸርኬው መካከል ያስገቡና ወደ ታች ይጫኑት፤ ሁለተኛውን አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው እንዲሁ ያድርጉ። አንዱ ጠርዝ ዙሪያውን ከወጣ በኋላ ካላማዳሪያውን ይሳቡት፤ የመንፊያው ጫፍ መጨረሻ ይውጣ።

ካላማዳሪያውን ነፍተው ወደ ከንፈርዎ ያስጠጉት፤ ከንፈር የሚያመልጥ አየር ከጆሮ ይልቅ ያውቃል። ካልተገኘ በሳፋ ውኃ ይንከሩት፤ አረፋ የሚወጣበት ነው። አንዱን ካገኙ በኋላ አያቁሙ፤ የእሾህ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው፤ ገብቶ በሌላው ወገን ይወጋል።

ቀዳዳው ዙሪያውን ጎማው ማብረቅረቁን እስኪተው በብርጭቆ ወረቀት ይሹት፤ አቧራውን ይጥረጉ። ማስቲሹን ስስ አድርገው ከልጣፉ ሰፋ ባለ ቦታ ይቀቡ። አሁን ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ማስቲሹ እርጥብ ሆኖ ከተለጠፈ ይንሸራተታል። በጣት ሲነኩት መያዙን እስኪተው ድረስ ይጠብቁ፤ በድሬ ሙቀት ጊዜው አጭር ነው። ከዚያ ልጣፉን አስቀምጠው በማንኪያው ሆድ ከመሐል ወደ ዳር በደንብ ይጫኑት።

እስኪይዝ እሾሁን ይፈልጉ። ይህን የሚዘሉት ሰዎች ናቸው በሰዓቱ ውስጥ ሁለተኛ ጎማ የሚያስተነፍሱት። ጣትዎን ሳይሆን ጨርቅ በኮፐርቶኑ ውስጥ ዙሪያውን ይጎትቱ፤ ጨርቁ የተያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። “አቦ፣ ጎማው ምን አደረገ? እሾሁን ትተህበት!” የሚለው የጎሚስታዎች ወቀሳ ትክክል ነው።

ሲመልሱ ካላማዳሪያው ውስጥ ቅርጽ የሚያሲዝ ትንሽ አየር ይኑር። የመጨረሻውን ጠርዝ በማንኪያ ሳይሆን በሁለት አውራ ጣት ይግፉት፤ ማንኪያው አዲስ ቀዳዳ ይከፍታል።

8. ቀትሩና አመሻሹ

አራት ሰዓት ከመሆኑ በፊት ቤት ይግቡ፤ በተለይ በግንቦትና በሰኔ። ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ አያቁሙት፤ የተነፋ ጎማ ሲግል ግፊቱ ይጨምራል፤ ያረጀ ካላማዳሪያም አይችለውም። ከቀትር በኋላ የከተማዋ እኩሌታ በርጫ ላይ፣ እኩሌታው እንቅልፍ ላይ ነው፤ ብዙ ሱቅም ዝግ ነው። እርስዎም አንዱን ይምረጡ።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን እንደገና ይውጡ። ያን ጊዜ ከዚራ ዛፍ ሥር ማኪያቶ፣ ወይም ማንጎ፣ ፓፓያና አቮካዶ የተደራረበበት ስፕሪስ። ሳቢያን ሰፈር ድረስ ለመንዳትም ጥሩ ሰዓት ነው። ፀሐይዋ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጨለማውም ቶሎ ይመጣል። ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት ይኑር። የስልክ መብራት በጥርስ ይዞ መንዳት መብራት አይባልም።

9. ሐረርን ለሚጨምር

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ከ2,000 በላይ ነው። ባቡሩ ያልወጣውን ዳገት በብስክሌት ካልወጣሁ ማለት የልምድ ጉዳይ ነው። ልምድ ከሌለ ብስክሌቱን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ይጫኑት። ሲጫን አጠገቡ ይቁሙ፦ መሪውን አዙረው፣ ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፤ ከላዩ ጆንያ እንዳይጣልበት ረዳቱን አስቀድመው ይነጋገሩ፤ የጭነቱንም ዋጋ እንዲሁ።

ከደንገጎ በኋላ መንገዱ በአደሌ፣ በሐሮማያና በአወዳይ አድርጎ ሐረር ይገባል። ሐሮማያ ላይ ወርዶ የቀረውን መንዳት ይቻላል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። አወዳይ ላይ ግን የጫት መኪና ለማንም አይቆምምና ወደ ዳር ይውጡ።

በሐረር የብስክሌት ደስታ የጀጎልን ግንብ በውጭ በኩል ከበር ወደ በር መዞር ነው። ዙሪያው ከአራት ኪሎ ሜትር ያነሰ ቢሆንም ወጣ ገባ አለው። ውስጡ ሌላ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ጀጎል በእግር የሚታይ ነው። ብስክሌቱን ፈረስ መጋላ አደባባይ አደራ ሰጥተው፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በልብስ ሰፊዎቹ መካከል ይውረዱ። ሁልበት መረቅ የሚባለው የአብሽ ወጥ ከቀረበልዎ እምቢ አይበሉ፤ ሐልዋውን ለቤት ይግዙ፤ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁቲም ይቅመሱ። የጅብ ምገባውን ለማየት ካመሹ ወደዚያ በባጃጅ ይሂዱ።

ወደ ድሬ ሲመለሱ ደንገጎን በብስክሌት መውረድ የሚፈተነው በፍሬን ነው። ያለማቋረጥ የተጨበጠ ፍሬን ይግላል፤ ይደክማልም። የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ ጠበቅ፣ ለቀቅ ያድርጉ፤ ኩርባ ውስጥ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ፍጥነት ይቀንሱ። ከባድ መኪና ከኋላ ከመጣ ይቁሙና ያሳልፉት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ በእነዚያ ሰሞን መንገዱ በመኪናና በእግረኛ ምእመናን ስለሚሞላ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት ያድርጉት።